ማብቂያ ያለው ቀን፦ ልጆቿን ይዛ ቤት ለምትውል እናት

ልጅ ይዛ ቤት የምትውል እናት ደስታ የሚርቃት ሥራው ከብዷት ብቻ አይደለም። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ማታ ላይ ግን «ዛሬ ይህን ጨረስኩ» ብሎ ይቀመጣል። የቤት ውስጥ ሥራ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የታጠበው ሳህን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቆሽሻል፣ የታጠፈው ልብስ ይለበሳል፣ የተጠረገው ወለል ላይ ፍርፋሪ ይበተናል። ሠሪዋ ደክማለች፤ የሠራችው ግን ለዓይን አይታይም። ስለዚህ እዚህ «አመስግኚ፣ ፈገግ በይ» የሚል ምክር አንሰጥም። ሥራው ማብቂያ፣ ቀኑ ዕረፍት፣ ድካሙም ተካፋይ እንዲያገኝ የሚያደርጉ ነገሮችን እናሳያለን። ሦስቱ ሲሟሉ ከልጅ ጋር መሳቁም፣ ቤቱን መውደዱም ጊዜ ያገኛል።

ድካም ነው ወይስ ሕመም?

ከሁሉ በፊት ይህ ይለይ፤ ለሕመም የጊዜ ሠሌዳ መድኃኒት አይሆነውም። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ማልቀስ፣ መነጫነጭና የስሜት መቀያየር በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ሐዘን ከመጣ፣ ቀድሞ ትወጂው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ሕፃኑ ተኝቶም አንቺን እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ «ለልጄ አልበጅም» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰ፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘ የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ሂጂ። ሕመሙ ይታከማል። የእናትነት ጉድለትም አይደለም። ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ለነገ አይባልም፤ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ወዲያውኑ ጤና ተቋም መድረስ ነው።

ተኝተሽ ተነሥተሽም የማይለቅ ዝለት ደግሞ ከደም ማነስ ወይም ከታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ብዙ እናት «ልጅ ስላለኝ ነው» እያለች ወራት ታሳልፋለች፤ እባክሽ ተመርመሪ።

«በቃ» የሚባልበት መስመር

ለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። በየቀኑ የሚደጋገሙትን ሥራዎች ጻፊና ከእያንዳንዱ ጎን «አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» ለሚለው በአንድ መስመር መልስ ስጪ። «ወጥ ቤቱን ማጽዳት» መጨረሻ የለውም፤ ካቢኔት ውስጥ፣ ከምድጃው ጀርባ፣ ከፍሪጁ ሥር ሁልጊዜ የሚጸዳ ነገር አይጠፋም። ለማታው ወጥ ቤት ግን አምስት ነገር ይበቃዋል፦ ዕቃው ታጥቧል፣ የተረፈው ምግብ ተከድኖ ፍሪጅ ገብቷል፣ ጠረጴዛውና ምድጃው ተወልውሏል፣ ቆሻሻው ወጥቷል፣ ለጠዋት የሚያስፈልገው ዕቃ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለአራት ለአምስት ሰው ቤት ይህ ወደ 25 ደቂቃ ይወስዳል። አምስቱ ሲያልቁ መብራቱን አጥፊ። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት የሚገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነው።

ወለሉ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዋናው ምግብ በኋላ ከጠረጴዛው ሥር ይጠረግ፤ ሙሉ ቤቱ በሳምንት 2 ጊዜ ይወልወል። አንሶላ በሳምንት አንዴ። መታጠቢያ ቤቱ በሳምንት 2 ጊዜ፣ መጸዳጃው ብቻ በየቀኑ ለ2 ደቂቃ። (በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።) ልኩ እንደ ቤቱ ይለያያል። የሚድህ ሕፃን ካለ ወለሉ ይቅደም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወለሉ ቢላላም ምንም አይደል፣ የልብሱ ሥራ ይቅደም።

የሚተው ሥራም በግልጽ ይጻፍ። የቤት ልብስ አይተኮስም፣ የውስጥ ልብስ አይታጠፍም፣ ልጆቹ ነቅተው ሳሉ ሳሎን የተስተካከለ መሆን የለበትም። ያልተጻፈ መተው ጸጸት ሆኖ ይከተልሻል። የተጻፈው ግን ውሳኔሽ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በዝርዝሩ ርዝመት ነው። 15 ነገር የጻፈች እናት ሰባቱን ሠርታ በስምንቱ ታዝናለች። ከተለመደው የዕለት ሥራ ውጭ ለአንድ ቀን ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል፦ አንድ ለቤቱ፣ አንድ ለልጆቹ፣ አንድ ለራስሽ። ይህን ማታ ጻፊው፤ ጠዋት ላይ ልጆቹ ቀድመውሽ ይነሡና ቀኑን እነሱ ይጽፉልሻል።

መጀመሪያ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ሥራ

ቀኑን በሰዓት መሸንሸን ከ3 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት አይሠራም፤ በአንድ የሌሊት ትኩሳት ይፈርሳል። ከሰዓት ይልቅ በማይቀሩ ነገሮች ላይ አንጠልጥዪው፦ ከመንቃት በኋላ፣ ከቁርስ በኋላ፣ በቀን እንቅልፍ ጊዜ፣ ከእራት በፊት፣ ከመኝታ በፊት። ቁርሱ በአንድ ሰዓት ቢዘገይም ቅደም ተከተሉ አይናጋም።

በቅደም ተከተሉ ውስጥ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ከቁርስ በኋላ የሚሠራው ነው። አብዛኞቻችን «ሥራዬን ልጨርስና አጫውትሃለሁ» እንላለን። ልጁ ግን ትኩረት እስኪያገኝ ድረስ ቀሚስ ይዞ ይጎትታል፣ ያለቅሳል፣ ወንድሙን ይመታል፤ የ20 ደቂቃው ሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ገልብጪው፤ መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሙሉ ለሙሉ ለልጁ ስጪ። ስልኩን ሌላ ክፍል ትተሽ ወለሉ ላይ ተቀመጪ። ጨዋታውን እሱ ይምረጥ፣ እሱ ይምራው። «ይህ ምን ቀለም ነው? ስንት ናቸው?» እያሉ መፈተን ጨዋታውን ትምህርት ያደርግበታል፤ የሚያደርገውን ብቻ ተናገሪለት፦ «መኪናዋን ከድልድዩ ሥር አስገባሃት።» ስትነሺ ሹልክ አትበይ። «አሁን ልብስ ላጥፍ ነው፤ አንተ እዚሁ አጠገቤ ተጫወት» ብለሽ ንገሪው። ሳትነግሪው የጠፋሽበት ልጅ በሚቀጥለው ቀን ዓይኑን ከአንቺ ላይ አይነቅልም።

በጥሩ ቀን ከዚህ በኋላ የ1 ዓመት ልጅ ጥቂት ደቂቃ፣ የ3 ዓመቱ ደግሞ 10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻውን ሊጫወት ይችላል። ያንን ጊዜ ሁለት እጅ ለሚፈልግ ሥራ ተጠቀሚበት፤ አንድ እጅ የሚበቃው ልጅ ታቅፈሽም ይሠራል።

የመጫወቻው ብዛትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች መካከል አስቀምጦ ተመልክቷቸዋል። አራት ብቻ ሲቀርብላቸው በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ በተለያየ መንገድም ተጫውተውበታል። ስለዚህ ያለውን በሦስት ወይም በአራት ካርቶን ክፈዪና አንዱን ብቻ አውጪ፤ ልጁ ሲሰለቸው፣ ምናልባት በየሳምንቱ፣ በሌላ ተኪው። የሚለቀመው ዕቃም በዚያው ይቀንሳል።

የቀን እንቅልፍ የማን ነው?

ሕፃኑ እንደተኛ ሁሉም እናት ወደ ሥራ ትሮጣለች። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የልጅ እንቅልፍ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ ሥራው ከቀደመ ዕረፍቱ ሳይደርስ ልጁ ይነቃል። የመጀመሪያዎቹ 20 ወይም 30 ደቂቃዎች ያንቺ ይሁኑ። ተጋደሚ፣ አንብቢ፣ ወይም የምትጠጪውን ይዘሽ ሳይቀዘቅዝ ጨርሺው። ሥራ በተረፈው ጊዜ ይምጣ። ሌሊት ለምታጠባ እናት ደግሞ ይህ ጊዜ በሙሉ ለእንቅልፍ ነው፤ ሳህኑ ይቆይ።

በቂ እንቅልፍ የሚባለው፣ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከ4 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ልጅሽ ከዚህ በታች ከሆነ ያለ ምክንያት የሚመስለው ማታ ማታ የሚመጣ ልቅሶና ቁጣ ምንጩ ይህ ሊሆን ስለሚችል የመኝታ ሰዓቱን በየሦስት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም እያደረግሽ አስተካክዪው።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች የቀን እንቅልፍ ያቆማሉ። ለእናት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የቀኑ ብቸኛ ዕረፍት ይጠፋል። በቦታው «የጸጥታ ሰዓት» ይተካበት፦

1. አደጋ የሌለበት ክፍል ወይም ጥግ ምረጪ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆይ።
2. በዚያ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ሳጥን አዘጋጂ፦ የሥዕል መጻሕፍት፣ እርሳስና ወረቀት፣ የሚገጣጠሙ ነገሮች። በሌላ ሰዓት ከወጣ ጉጉቱ ይጠፋል።
3. በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ጀምሪ። ልጁ የሚያየው የጊዜ መቁጠሪያ ወይም አላርም ይኑር፤ ሲጮህ ወዲያው ግቢ። ቃልሽን ካከበርሽ ይታገሣል።
4. በየጥቂት ቀኑ 5 ደቂቃ ጨምሪ፤ 45 ደቂቃ ሲደርስ በቂ ነው።

የማይሳካው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ሲጠየቅ፣ ወይም ልጁ ሲያጠፋ «ወደ ክፍልህ ግባ» ተብሎ ያው ክፍል መቅጫ ሲሆን ነው። ዕረፍትና ቅጣት አንድ ቦታ ላይ አይስማሙም።

ከእራት በፊት ያለው ክፉ ሰዓት

ሁሉም የተራበበት፣ ሁሉም የደከመበት፣ ሁሉም አንቺን የሚፈልግበት ሰዓት ይህ ነው። በቤት ውስጥ የሚሰማው ጩኸት አብዛኛው እዚህ ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ ሥራውን ከዚህ ሰዓት ማሸሽ ያስፈልጋል። አትክልቱ ጠዋት ይከተፍ፣ ጥራጥሬው ጠዋት ይዘፍዘፍ ወይም ይቀቀል፤ ለማታ ማዋሐድና ማሞቅ ብቻ ይቅር። ልጆቹን ከእራት በፊት ማጠብም ይረዳል፣ ውሃ ያረጋጋቸዋል፤ ከእራት በኋላም ጥርስ መቦረሽና መኝታ ብቻ ይቀራል። ትንሽ ፍሬ ወይም አትክልት ቀደም ብሎ ቢሰጣቸው እራት አይዘጋባቸውም።

በሳምንት ሁለቴ የምታበስዪውን በእጥፍ አድርጊው። የበሰለው ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ትልቅ ድስት ሙሉ ከነሙቀቱ ከተቀመጠ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ይቆይና ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍዪው። ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይበላ፤ ሲሞቅም እስኪንተከተክ ይሙቅ።

ልብስን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው፦ ተራራ እስኪሆን አይጠበቅ። በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ ትንሽ ማጠብ ይሻላል። ማሽን ከሆነ ከላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ይቅር፤ ከታጨቀ ውሃው አያልፍም። ሳሙና ማብዛት አያጸዳም፤ ሳይለቅ ጨርቁ ላይ ይቀርና ሽታ ይይዛል። የታጠበውን ወዲያው አስጪ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅርጫት ቢኖረው የመለየት ሥራ ይቀራል።

ልጆች የሚሠሩት

ልጅ በሥራ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያዘገያል፣ በኋላ ግን ያግዛል። የ2 ዓመት ልጅ የቆሸሸ ልብሱን ቅርጫት ውስጥ ይጨምራል፤ የ3 ዓመቱ የፈሰሰ ውሃ ይጠርጋል፣ ካልሲ ያጣምራል፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ያለው ጠረጴዛ ላይ ሳህን ይደረድራል፣ አትክልት ያጥባል፤ ከ6 ዓመት በኋላ መጥረግና የራሱን ልብስ ማጠፍ፣ ከ8 ዓመት ወዲያ ሳህን ማጠብ ይችላል። አንዱን ሥራ በሦስት ደረጃ አስተምሪ፦ አንቺ ስትሠሪ ያይ፣ ከዚያ አብራችሁ ሥሩ፣ ከዚያ አጠገቡ ቆመሽ እሱ ይሥራ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ሥራ በላይ አትጨምሪ።

ዓይኑ እያየ የሠራውን መልሰሽ አትሥሪው። የተጣመመ እጥፋት ይቆይ፤ መልሰሽ ከሠራሽው ልጁ «እኔ ብሠራም ባልሠራም ያው ነው» የሚለውን ይማራል። ምስጋናውም ይዘርዘር። «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ማንኪያዎቹን ሁሉ ለየሃቸው፣ አሁን እራት ማቅረብ እንችላለን» ሲባል ሥራው ለቤቱ ምን እንደጠቀመ ያያል።

የማይፈርስ ሥራ

የዕለቱ ሥራ ማታ ላይ ፈርሶ ስለሚያድር ተሠርቶ የሚቆይ አንድ ነገር በእጅሽ ይኑር። ስፌት፣ የጓሮ ተክል፣ ቋንቋ፣ የጀመርሽው ትምህርት፣ ጽሕፈት፣ ምንም ይሁን። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ከወር በኋላ ስታዪው ካለፈው ወር በላይ ይሁን። በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። ዕቃውን እንደተዘረጋ መተው የምትችዪበት ጥግ ፈልጊ፤ ማውጣትና መሰብሰብ ብቻውን 20 ደቂቃ ከፈጀ ሥራው አይጀመርም። ብዙ እናቶች ይህን የቅንጦት ነገር አድርገው ለመጨረሻ ያቆዩታል። በእኛ እምነት ከወለሉ ይቀድማል።

የሰው ፊት ማየትም እንደዚሁ። ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር ብቻ ያወራች ሴት ማታ ሆድ ቢብሳት አይገርምም። በየጊዜው «መቼ እንገናኝ?» የሚያስብል ቀጠሮ ይሰናከላል፤ የማይለወጥ ቀንና ቦታ ይኑረው፣ ያልቻለ ይቅር፣ የቻለ ይምጣ። ቤት ማስተካከል የሚጠይቅ ግብዣ አይሁን፤ ደጅ ላይ ልጆቹ እየሮጡ ቢሆን ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጡ ይመክራል፤ ደጅ መውጣቱ ሁለቱንም ያቃልላል። ያንቺም ስልክ ቦታ ይኑረው፤ የሌሎችን ያማረ ሳሎን እያዩ የራስን ሳሎን መውደድ ያስቸግራል።

ከባል ጋር የሚደረግ ንግግር

እጅ የማይሠራው፣ ጭንቅላት የሚሸከመው ሥራ አለ፦ ክትባቱ መቼ ነው፣ የማን ጫማ ጠበበ፣ ሳሙናው ስንት ቀን ይቆያል፣ መምህሯ የጠየቀችው ምን ነበር። «ንገሪኝ፣ ልርዳሽ» የሚል ባል ቅን ቢሆንም ሐሳቡን አንቺ ላይ ትቶታል። ስለዚህ ሥራ ስትካፈሉ ከሥሩ ይካፈል። «የልጆቹን ክትባትና ሐኪም ቤት ከዚህ ወር ጀምሮ አንተ ያዘው» ሲባል ቀኑን ማስታወስ፣ ካርዱን ማስቀመጥ፣ መውሰድ፣ ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ መከታተል ሁሉ የእሱ ነው። ካስረከብሽ በኋላ ከኋላው ቆመሽ አትቆጣጠሪ። እሱ በራሱ መንገድ ይሠራዋል፤ ለልጁ አደጋ እስከሌለው ድረስ መንገዱ ባይመስልሽም ተዪው።

ለዚህ ንግግር ቀን ያዙለት፤ በሳምንት 20 ደቂቃ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የሚነሡት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ በሚመጣው ሳምንት ምን አለ? ማን ይይዘዋል? አንቺም እሱም ነፃ የምትሆኑባቸው ሰዓታት የትኞቹ ናቸው? በንዴት ጊዜ የተነሣ ጉዳይ ወደ ክስ ይሄዳል።

ገንዘቡም እዚሁ ይነሣ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ በቤት ሥራና በእንክብካቤ ላይ እንደሚውል፣ ከዚህም ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ሴቶች እንደሚሠሩት ገልጿል። ያልተከፈለበት ሥራ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ለዕለት ወጪ የሰው እጅ ማየት ግን ከሁሉ በላይ ልብ ይሰብራል። ሁለታችሁም የምታዩት የቤት በጀት ይኑር። ከእሱ ላይ ለእያንዳንዳችሁ እኩል የሆነ፣ ጥቂት ቢሆንም የማይጠየቁበት የግል ገንዘብ ይነሣ። በስምሽም የቁጠባ ሒሳብ ይከፈት። ባል በቅንነት የማይቀበለው ከሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ባለበት ተነጋገሩበት።

ሁሉም የሚፈርስበት ሳምንት

ልጅ ይታመማል፣ አንቺም ትታመሚያለሽ፣ እንግዳ ይመጣል። ለዚያ ሳምንት አነስተኛ ዕቅድ አስቀድመሽ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ፦ ምግብ፣ ለነገ የሚለበስ ንጹሕ ልብስ፣ መድኃኒት። ሌላው ሁሉ ይቁም። ማን እንደሚጠራም ስልክ ቁጥሩ አብሮ ይጻፍ፤ በጭንቅ ሰዓት ማን ይምጣልኝ ብሎ ማሰብ ራሱ ሥራ ነው።

ሲያልፍ የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ለመጨረስ የምትሞክር እናት በማግሥቱ መልሳ ትተኛለች። በመጀመሪያው ቀን ዕቃውን እጠቢ፣ አንድ ዙር ልብስም ይታጠብ። በሁለተኛው ቀን የታመመው የተኛበትን አንሶላና መታጠቢያ ቤቱን ያዢ። የልጁ የ15 ደቂቃ ጨዋታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመለስ፤ ከሕመም የተነሣ ልጅ ይጣበቃል፣ እሱን ካላገኘ ሌላው ሥራ አይንቀሳቀስም። ወለሉ በሦስተኛው ቀን፣ የታጠፈው ልብስ ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ ይወለወል።